ከሦስቱ ማዳመጫዎች የሚሻለው

እህቴ ስልኩን መዝጋት ረስታ ነው የሰማሁት። «እሺ ወንድሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንጠብቅሃለን፣ እንዳትቀር» አለችኝ። እኔም «እሺ» ብዬ ላጠፋው ስል ድምጿ ከሩቅ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድማው ከባሏ ጋር ወሬ ቀጥላለች። «ሽቦውን አዝዤዋለሁ፤ ሄድፎን ይዞ ይመጣል።» ባሏ የሆነ ነገር አጉረመረመ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች፣ «ገዢው ቤቱን ዛሬ ካላየሁ፣ ዛሬ ካልተፈረመ ሌላ ቤት አለኝ ብሏል። አባባ ደግሞ ከሳሎን ንቅንቅ አይልም። ጆሮው እንደሆነ የጉንዳን ኮቴ ይሰማል። ኳሱን ከፍተን ጆሮውን ከደፈንንለት ሁለት ሰዓት እናገኛለን። አሳይተን፣ ተነጋግረን፣ አስፈርመን እንገላገላለን።» ባሏ ሳቅ አለና «ሽቦውስ አፉን ቢከፍት?» አላት። «እሱ?» አለች እህቴ፣ «እሱን ተወው። ስለ ሄድፎን ከጠየቁት ሌላውን ዓለም ይረሳዋል።» ከዚያ የሳህን ድምፅ መጣ፣ የውሃ ድምፅ መጣ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሽቦው የምትለው እኔን ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ እህቴ ልጅ ሳለች ጋሼ ነበር የምትለኝ። ጋሼነቴ መቼ እንደተገፈፈ ቀኑን አላስታውስም፤ ታናሽ ወንድማችን ኢንጂነር ሲባል እኔ ሽቦው ሆኜ እንደቆየሁ ግን አውቃለሁ። የምሠራው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ወርዱ አንድ እርምጃ ተኩል ነው፤ በር ላይ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ወደ ውስጥ ስገባ ግን ጎንበስ ማለት ነው፤ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር የጫማው አቧራ አናቴ ላይ ይራገፋል። የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ፤ ባለገመድ ብቻ። ገመድ አልባውን የሚያደርጉት ሰዎች እኔ ዘንድ አይመጡም፤ ሲበላሽባቸው ይጥሉታል እንጂ አያስጠግኑም። የኔ ደንበኞች ዘበኞች፣ ተማሪዎች፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሱ የሚውሉ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። እህቴም ስታዝዘኝ ይህንኑ አጥብቃ ነግራኛለች። «ብሉቱዝ እንዳይሆን። እሱን እንዳደረገ ተነስቶ ኩሽና ድረስ ይመጣብናል። ባለገመድ ይሁን፤ ገመድ የያዘው ሰው ከወንበሩ አይነሳም።» ስታዝዘኝ ለአባቴ ምቾት መስሎኝ ነበር።

አሁን ግን ነገሩን አውቄዋለሁ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ጡብ በጡብ ደርድሮ ያቆመው ቤት ከጀርባው ሊሸጥ ነው፤ ጆሮውን የምደፍነው ደግሞ እኔ ነኝ። መልሼ ደውዬ «አልመጣም» ማለት እችል ነበር። ለአባቴ ደውዬ «ምንም ወረቀት እንዳትፈርም» ማለትም እችል ነበር፤ ስልኩን ወንበሩ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው፣ በሁለተኛው ጥሪ ያነሳል። ሁለቱንም አላደረግኩም። መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁለት ማዳመጫ አወረድኩ፤ ከራሴ አንገት ላይ አንድ አወለቅኩ። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ራሴን ጠየቅኩ፤ የትኛው ይሻላል?

የመጀመሪያው ትልቁ ነው። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደንበኛ ከሩቅ አይቶ «እሱን አውርድልኝ» የሚለኝ እሱን ነው። ዋጋው ስድስት መቶ፤ ተከራክሮ ለረታኝ አምስት መቶ። እኔ ማዳመጫ የምፈትነው በዘፈን አይደለም። ዘፈን ያታልላል፤ የሚወዱት ዘፈን በጣሳ ውስጥ ቢመጣም ደስ ይላል። ስልኬ ላይ የቀዳሁት ዝናብ አለኝ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ አራት ደቂቃ። ጥሩ ማዳመጫ ጠብታን ከጠብታ ይለያል፤ ከአሸንዳው የሚፈሰውን ለብቻ፣ መሬት ላይ የሚፈርጠውን ለብቻ ያሰማል። መጥፎው ዝናቡን ሽንኩርት ጥብስ ያደርገዋል። ትልቁ የሚጠብሰው ነው፤ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይደልቃል። ሲያጠልቁት ይመቻል፣ ስፖንጁ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ይውጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ግን ያልባል፣ ያሳክካል። የሸፈነው ቆዳ መሳይ ነገር በስድስት ወሩ እየተላጠ ትከሻ ላይ እንደ ጥቁር ፎረፎር ይራገፋል። ጥንካሬውን አለማንሳት ነው፤ ገመዱን ከመሰኪያው፣ ከጃኩ ሥር ሃያ ጊዜ ካጠፉት የአንዱ ጆሮ ድምፅ ይሞታል። እህቴ ብትመርጥ ይህን ትመርጥ ነበር።

ሁለተኛው ቀላሉ ነው። ቀጭን ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብ ስፖንጅ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሁለት መቶ ብር። ዝናቡን ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ከአሸንዳው የሚወርደውን ልቆጥረው ምንም አይቀረኝም። ክብደት ስለሌለው አድርገውት ይረሳል፤ አናታቸው ላይ አድርገውት ማዳመጫዬ ጠፋ ብለው ሊገዙ የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ገመዱ ቢቀጥንም ጃኩ ብረት ነው፤ የሕንፃው ዘበኛ ሦስት ዓመት ተጠቅሞበት አንድ ቀን ብቻ ነው ለጥገና ያመጣው። አንድ ጉድ አለበት፤ ጆሮ አይዘጋም። የምትሰማውን አጠገብህ ያለው ይሰማል፤ አጠገብህ ያለው የሚናገረውን አንተ ትሰማለህ። ይህን ለአባቴ ባደርግለት ኳሱንም ልጆቹንም ይሰማል። አንድ ቃል ሳልናገር፣ ከማንም ሳልጣላ፣ ሁሉንም ነገር ማስቀረት እችላለሁ። ያን ሁለት መቶ ብር የሚያወጣ ዕቃ በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ለሽያጭ የሚሆነውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማጠልቀው፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ገልብጬ። የግራ ጆሮዬ አይሰማምና። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ጉጠት አቀብለኝ ሲለኝ መዶሻ አቀበልኩት። «ጆሮህ ድፍን ነው ወይ!» ብሎ በሙሉ መዳፉ አጮለኝ። ሦስት ቀን መግል ፈሰሰኝ፤ እናቴ ጥጥ ወተፈችበት፤ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪው ከኋላ ሲጠራኝ እንደማልሰማ ለአባቴ ነገረው፤ አባቴም «ለማይሰማ ጆሮ የምከፍለው የለኝም» ብሎ ከትምህርት ቤት አወጣኝና ከሱ ጋር ብረት ብየዳ አስገባኝ። የኔ ክፍያ ለታናሽ ወንድሜ ዞረ። ራሱ ዘግቶት፣ ተዘጋ ብሎ አባረረኝ። ይህን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳልኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ቀላሉን ማዳመጫ መልሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

ሦስተኛው አይሸጥም፤ የኔ ነው። ሴቶች ተደርድረው ስልክ ይመልሱበት የነበረ አንድ ቢሮ ሲዘጋ ከተጣለ ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት። ከባድ ነው፣ አናት ላይ የሚያርፈው መወጠሪያው ብረት ነው፣ ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው። መሬት ወድቋል፣ ተረግጧል፣ አንድ ጊዜ ሞተር ሳይክል ሄዶበታል። ስፖንጁን ራሴ ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አድርጌው ስውል ጆሮዬን አያመኝም። ዝናቡን በሱ ስሰማ ልብሴ መራሱን በእጄ እነካለሁ። ይዘጋል ደግሞ፤ እሱን ሳጠልቅ ራሴ ላይ የሚወጣው የሚወርደው እግር ሁሉ ጸጥ ይላል። ዕቃ ሲያጥረኝ ከሱ እየነቀልኩ ለደንበኛ ሰጥቼ፣ ዕቃው ሲመጣ እየመለስኩለት አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱን ገልብጬ አልሞከርኩትም። የራሱን ዕቃ ማን ይፈትናል? ለአባቴ የሚገባው ይህ ነው አልኩ። በድምፅም፣ በምቾትም፣ በጥንካሬም ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው። ክፋትም ቢሆን እኔ በጥራት ነው የምሠራው።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስኩ። የአባቴ ቤት ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነው። የግቢውን በር ራሱ ነው የበየደው፤ አሁንም ሲከፈት እንደዚያው ያለቅሳል። ሳሎኑ ተጠርጓል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልተነሳው መጋረጃ ተነስቶ አዲስ ተሰቅሏል፤ ለገዢው ዓይን መሆኑ ነው። ኢንጂነሩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። «ሥራ እንዴት ነው?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ስልኩ ተመለሰ። የእህቴ ባል «መጣህ ሽቦው! አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እህቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ዕቃውን ከእጄ ላይ አየችው። «አሮጌ ነው እንዴ?» አለች። «ከአዲሱ ይበልጣል» አልኳት። «እኔ ድምፁን አይደለም የምልህ፤ ይዘጋል ወይ?» «ነጎድጓድ አይገባበትም» አልኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ካለችው ወንበሩ ላይ ነው። ገና ሳየው አነሰብኝ፤ ኮቱ የሌላ ሰው መስሏል። የያዝኩትን አይቶ ዓይኑን አጠበበ። «ይሄ ያንተው አይደለም እንዴ? አንገትህ ላይ የሚውለው?» አለኝ። ሱቄን ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ማስታወሱ ገረመኝ። «አዎ አባባ። ለኳስ ይመችሃል። እነሱ ሲያወሩ እንዳይረብሹህ።» «አንተ በምን ልትሰማ ነው ታዲያ?» አለኝ። ይህን ያህል ስለኔ የጠየቀኝ መቼ እንደሆነ እንጃ። «ሌላ አለኝ» ብዬ አጠለቅኩለት፤ መወጠሪያውን አላላሁ፣ የጆሮውን ፀጉር ከስፖንጁ ሥር በጣቴ ሳብ አደረግኩለት፣ ይዤ በመጣሁት መቀጠያ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሰካሁት። ሳሎኑ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ተጫዋቾቹ ያለ ድምፅ ይሯሯጣሉ። አባቴ ቀኝ ጆሮው ላይ ያለውን በመዳፉ ነካ፣ ከዚያ ግራውን ነካ፣ ወደ እኔ ቀና ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል እህቴ ከወንበሩ ጀርባ መጥታ ቆመች።

«አባባ» አለች፤ ጮክ አላለችም፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ ግን። «አባባ፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው።» አባቴ አልዞረም። አፉን ገጠመና ወደ ኳሱ ተመለከተ። የእህቴ ባል ሳቁን ለማፈን እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ኢንጂነሩ «ተዪ እንጂ፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው» አለ፤ እሱም ግን ፈገግ ብሏል። እህቴ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ለኔ አውራ ጣቷን ስታነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ገዢው ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው። ጫማውን በሩ ላይ በደንብ ጠረገ፣ አባቴን ጎንበስ ብሎ በእጁ ሰላም አለ፣ አባቴም እጁን አንስቶ መለሰለት። ከዚያ ሜትር አውጥቶ ግድግዳ ይለካ ጀመር። የእናቴን ክፍል ለካ። ኩሽናውን ለካ። «ይህን ግድግዳ አፈርሰዋለሁ» አለ፣ በአባቴ አናት ላይ እያመለከተ፣ «ሳሎኑ ይሰፋል። በሩንም እጥለዋለሁ፣ ብየዳው የልጅ ሥራ ይመስላል።» የእህቴ ባል ተስማማ። ያን ጊዜ ኳሱ ውስጥ ጎል ገባ፤ ተጫዋቾቹ ተከመሩ፣ ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሳ። ጎል ሲገባ ጭኑን የሚመታው አባቴ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ዕድሜ ነው አልኩ።

ገዢው ግቢውን ለማየት ሲወጣ እኛ ሦስታችን ቀረን፤ የእህቴ ባል ተከትሎት ሄዷል። ወሬው ወደማይቀርበት ቦታ ደረሰ፤ አባባ የት ይሂድ? እህቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ እያስተካከለች «እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ደረጃውን እንዴት ይወጣል? ልጆቹ ደግሞ ፈተና ላይ ናቸው» አለች። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔዋን ታውቂያታለሽ» አለ። የኔዋ የሚለው ሚስቱን ነው። «እኔ ገንዘቡን ልቻል እንጂ እቤት ውስጥ...» አልጨረሰውም። ከዚያ ሁለቱም፣ ልክ አሁን ገና በሩን ከፍቼ የገባሁ ይመስል፣ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ብቻህን ነህ» አለች እህቴ። «ጋሼ፣ አንተ'ኮ ብቻህን ነህ።» ጋሼን ያን ጊዜ አወጣችው፤ ስትፈልግ የት እንዳስቀመጠችው ታውቃለች ማለት ነው።

እኔም አርባ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። አልጮህኩም፤ ምን ያስጮኸኛል፣ ነጎድጓድ የማይገባበት ማዳመጫ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። «አንዱን ጆሮዬን ወስዷል» አልኩ፣ «የቀረችኝን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሱን ሳል ላሰማት አልችልም። ከትምህርት ቤት ጎትቶ ያወጣኝ ሰው ነው። ያስተማረው ይውሰደው። ከኔ ጋር አንድ ቀን አያድርም፤ መንገድ ላይም ቢወድቅ አላነሳውም።» ይህን ስል የአባቴን ጀርባ እያየሁ ነው፤ አንገቱ ከኮቱ ውስጥ እንደ ኤሊ ወጥቷል፣ የተጠቀለለው ገመድ በትከሻው ወርዶ ጭኑ ላይ አርፏል። ኢንጂነሩ ወለሉን አየ። እህቴ «በል እንግዲህ የአረጋውያን መጦሪያው ይሁን» አለች፣ «ከከተማ ወጣ ብሎ ነው እንጂ ንጹሕ ነው ይባላል፤ አልጋ አለው፣ ነርስ አለው። ለጊዜው ነው።» ኢንጂነሩ ወርኃዊውን እኔ እከፍላለሁ አለ። ሦስታችንም ለጊዜው መሆኑን በራሳችን ነቅንቀን አጸደቅን። ሦስታችን በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነበር።

ወረቀቱን ይዛ የቀረበችው እህቴ ናት። የቀኙን ማዳመጫ ከጆሮው ላይ ገለል አድርጋ «አባባ፣ የውሃ ቆጣሪ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርምልን» አለችው። አባቴ ወረቀቱን ተቀበለ። መነጽሩን አልጠየቀም። እህቴን አያት፤ ከዚያ ኢንጂነሩን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፣ እኔ ላይ ቆየ። «ለቆጣሪው ነው?» አለ። እህቴ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው። ብዕሩን ይዞ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ጻፈ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዷንም ፊደል ሳያዛንፍ፣ ብረት እንደሚቆርጥ ሰው። ገዢው በሁለት እጁ ተቀበለና «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ» አለው። የእህቴ ባል ሊሸኘው ወጣ፣ ኢንጂነሩ መኪናውን ሊያነሳ ወጣ፣ እህቴ ብርጭቆ ልታጥብ ኩሽና ገባች፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። ሳሎኑ ውስጥ እኔና አባቴ ቀረን።

በጣቱ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩለት።

«ግራው አይሠራም» አለኝ።

«ይሠራል አባባ፤ አራት ዓመት የሠራሁበት ነው።»

ማዳመጫውን አወለቀው። እጁን ወደ ጭንቅላቴ ሲያነሳ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታኝም። ማዳመጫውን ቀስ አድርጎ አጠለቀልኝ። በቀኜ የስታዲየሙ ሕዝብ ይጮሃል፤ በግራዬ እንደ ወትሮው ምንም የለም። «ይሠራል» አልኩት።

«ገልብጠው» አለኝ።

የትኛው ጆሮዬ እንደሆነ ያውቃል። አርባ ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ገልብጬ የግራውን በቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ኳሱ ጠፋ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ለፈተና ቸኩሎ ሲመጣ ዕቃ ቢያጥረኝ፣ የግራውን ስፒከር ነቅዬ የሰጠሁት። እመልሳለሁ ብዬ ሳልመልስ ቀረሁ፤ ለኔ ምንም ያጎደለብኝ ነገር አልነበረም። ግራው ባዶ ነው። ከጀርባው ያሉት የትንፋሽ ቀዳዳዎች ፊት ለፊታቸው የሚከልላቸው ነገር ከሌለ የመስኮት ያህል ናቸው። በነሱ ውስጥ ከኩሽና የውሃው ድምፅ መጣ፣ የብርጭቆው መጋጨት መጣ፣ ከዚያ የእህቴ ድምፅ፣ ከባሏ ጋር በስልክ፣ እያንዳንዷ ቃል ለብቻዋ፣ እንደ ጠብታ፤ «ስትመለስ ሽቦውን የታክሲ ስጠውና ሸኘው። ቢያንስ ዛሬ ለአንድ ነገር ጠቀመን።»

አባቴ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አወለቀ። ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ነቀለው፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ በሕዝብ ጩኸት ተሞላ። ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መካከል እየጠቀለለ፣ ድሮ የብየዳ ገመድ እንደሚጠቀልለው አድርጎ በጥንቃቄ ጠቀለለና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ውሰደው» አለኝ። «የምሄድበት ቦታ ቴሌቪዥን ይኑር አይኑር አላወራችሁም።»